ጠንካራና ዋጋው የሚቀመስ ቸርኬ እንዴት ይመረጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቪትዜ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ገዛሁ። ጥቁር ነው። ጠርዙ ያብረቀርቃል፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄዱት ክንዶች ቀጫጭን ናቸው። ሻጩ «ያለ ምንም ችግር ይገባል» አለኝ። አልዋሸም፣ ገባ። ክረምት መጣ። አንድ ማታ ውኃ የሞላ ጉድጓድ ደልዳላ አስፋልት መስሎኝ ነዳሁበት። ጠዋት ስነሳ ጎማው ተኝቷል። ጎሚስታው አውልቆ ቸርኬውን ገለበጠና በጥፍሩ አሳየኝ፦ ከውስጠኛው ጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል የሄደ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። «ይበየዳል» አለኝ። እሱ ራሱ እንዳላመነበት ግን ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

አራት ቸርኬ፣ አራት አዲስ ጎማ፣ የሁለት ቀን የጋራዥ ምልልስ። ጉድጓዱን ስረግም ከርሜ በኋላ የገባኝ ጥፋቱ የራሴ እንደነበር ነው፤ ሳልለካ ገዛሁ። ያኔ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ሁሉ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ምሳሌዬ ባብዛኛው ቪትዝ ነው፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። አሠራሩ ለሌላውም መኪና ያው ነው።

1. በእርግጥ መቀየር ያስፈልጋችኋል?

መኪናው ይዞት የመጣው የብረት ቸርኬ አያምርም። በፕላስቲክ ሽፋን የሚሸፈነውም ለዚህ ነው። ግን ሲመታ ይጣመማል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሰነጠቅም። የተጣመመውን ጠርዝ ጎሚስታ በመዶሻ መልሶ ያቀናዋል፣ እናንተም ጉዟችሁን ትቀጥላላችሁ። አሎይ (እንደ እኔ ጥቁሩ ያለ፣ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ቸርኬ) ግን ሊጣመምም ሊሰነጠቅም ይችላል። ሥራችሁ ክፍለ ሀገር የሚያመላልሳችሁ ከሆነ፣ ወይም ሰፈራችሁ ኮብልስቶኑ የተነቃቀለ ከሆነ፣ አንድ የተጎዳ የብረት ቸርኬ በሌላ ያገለገለ የብረት ቸርኬ መተካት ከሁሉም ይረክሳል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?

አሎይ ያስፈለጋችሁ ለመልኩ ከሆነም ችግር የለውም። እኔም ለመልኩ ነው የገዛሁት። ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩና ወደ ቀጣዩ እለፉ።

2. የመኪናችሁን ቁጥሮች ጻፉ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አምስት ነገር ወረቀት ላይ ይኑራችሁ፦ የቸርኬው ቁመትና ስፋት፣ የብሎኖቹ ብዛትና ክብ ልክ፣ የመሃል ቀዳዳው ስፋት፣ ኦፍሴት (ቁጥር 5 ላይ አብራራዋለሁ)፣ ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው የዳዶው ጥርስ።

የጎማው ልክ በሾፌሩ በር በኩል ባለው ተለጣፊ ወረቀት ላይ አለ። ወረቀቱ ከተላጠ ጎማው ጎን ላይ ታገኙታላችሁ፤ ያለፈው ባለቤት ግን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ቸርኬው ላይ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ተቀርጿል። «15×6ጄ ኢቲ45» የሚል ዓይነት ነው፦ 15 ኢንች ቁመት፣ 6 ኢንች ስፋት፣ 45 ሚሊ ሜትር ኦፍሴት ማለት ነው።

ለብዙ ሰው እንዲጠቅም ጥቂቶቹን ልጻፋቸው። ቪትዝ 4×100፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ሚሊ ሜትር፣ ዳዶው ኤም12×1.5 ነው (የብሎኑ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር)። ሱዙኪ ዲዛየር 4×100 እና 54.1 ነው፤ እስከዚህ ከቪትዝ ጋር አንድ ነው። ዳዶው ግን ኤም12×1.25 ነው። ይህን ልዩነት አደራ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ሃይሉክስና ፕራዶ 6×139.7 ናቸው። ኮሮላ ላይ በስሙ ብቻ አትመኑ። ከ2007 እስከ 2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተሠሩት ውስጥ ለአውሮፓ የተሠራው 5×114.3፣ ለአሜሪካ የተሠሩት አብዛኞቹ ደግሞ 5×100 ናቸው። ሁለቱም ኮሮላ፣ ሁለቱም ባለ አምስት ብሎን። የአንዱ ቸርኬ ለሌላው አይሆንም።

3. የብሎን ክቡን ራሳችሁ ለኩ

4×100 ማለት አራት ብሎን፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 100 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ባለ አራትና ባለ ስድስት ቀዳዳ ቸርኬ ላይ መለካት ቀላል ነው። ሜትራችሁን ከአንዱ ቀዳዳ የውጭ ጠርዝ ጀምራችሁ ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ የውስጥ ጠርዝ ዘርጉት፤ የመጣው ቁጥር እሱ ነው።

ባለ አምስት ላይ ፊት ለፊት የሚተያይ ቀዳዳ የለም። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። 58.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 5×100 ነው። 65.8 ከሆነ 5×112፣ 67.2 ከሆነ 5×114.3። በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊ ሜትር ተኩል እንደማይበልጥ ልብ በሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር እዚህ አይበቃም፣ ካሊፐር (ሚሊ ሜትርን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ተዋሱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሸወደው በ98 እና በ100 ነው። የድሮዎቹ ላዳዎች 4×98 ናቸው፣ እነ ፊያትም እንዲሁ። የላዳ መሃል ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ቪትዝ ላይ ሰተት ብሎ ይገባል። ሁለቱ ዳዶዎች በሰላም ይጠብቃሉ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ገደድ ብለው ይገባሉ። ከላይ ለሚያየው ሁሉም ታስሯል። እየነዳችሁ ግን ብሎኖቹ በየዙሩ ይታጠፋሉ፣ አንድ ቀን ይቆረጣሉ። «ትንሽ ቀዳዳውን እናስፋው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

4. የመሃል ቀዳዳ

መኪናው ላይ ካለው ሞዞ (የቸርኬው መሃል ከሚሰካበት ክብ) የጠበበ ከሆነ ቸርኬው ጭራሽ አይገባም፤ ስለዚህ አያታልልም። የሚያታልለው የሰፋው ነው። ከፋብሪካ ውጭ የሚሸጡ ቸርኬዎች ለብዙ መኪና እንዲሆኑ መሃላቸው 67.1 ወይም 73.1 ሆኖ ይሠራል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው ልክ መሃል ላይ አይቀመጥም። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ 80 ወይም 100 ስትደርሱ መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ ባላንስ ታሠራላችሁ፣ አይጠፋም። እንደገና ታሠራላችሁ፣ አሁንም አለ።

ቀለበቱ ከ73.1 ወደ 54.1 የሚል ልክ ይዞ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ካጣችሁ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም ያወጡላችኋል። በየቀኑ ከእንጦጦ ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ ፍሬኑ ስለሚግል ከፕላስቲኩ የአሉሚኒየሙን እመርጣለሁ።

5. ስፋትና ኦፍሴት

ኦፍሴት የሚባለው ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው እኩሌታ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።

በቁጥር እንየው። የነበራችሁ 5.5ጄ ኢቲ45 ነው እንበል። የሚሸጥላችሁ 6.5ጄ ኢቲ35 ነው። ስፋቱ በ1 ኢንች ስለጨመረ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ኦፍሴቱ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ድምሩ፦ የውጭው ጠርዝ 22.7 ሚሊ ሜትር ወደ ፓራፋንጎው ቀረበ ማለት ነው። ብቻችሁን ስትነዱ ምንም የለም። ከኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥና መኪናው ዝቅ ሲል ግን ጎማው ፓራፋንጎውን መላጥ ይጀምራል። ክብደቱ ወደ ውጭ ስለሚሸሽ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል።

ቁጥሩ ቸርኬው ላይ ካልተጻፈስ? ቸርኬውን በፊቱ ደፉት። ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ ከጠርዝ ጠርዝ አጋድሙ። ከጣውላው እስከሚገጥምበት ፊት ድረስ በሜትር ለኩ። 134 ሚሊ ሜትር መጣ እንበል። ቀጥሎ ጠቅላላ ስፋቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለኩ። ባለ 6ጄ ቸርኬ ጠርዞቹ ሲጨመሩ 178 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እኩሌታው 89። 134 ሲቀነስ 89 እኩል ይሆናል 45። ኢቲ45 ነው። ሻጩ ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ባይገባውም፣ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይሸውዳችሁም።

የእኔ ወሰን ከነበረው ኦፍሴት 5 ሚሊ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ነው። ከዚያ ያለፈውን ምንም ቢያምር አልፈዋለሁ። በስፔሰር (በቸርኬውና በመኪናው መካከል በሚገባ ቁራጭ) ይስተካከላል የሚለውንም አልወደውም፣ ለዕለት ተዕለት መኪና ትርፍ ጣጣ ነው።

6. ጎማው ከቸርኬው የበለጠ ያድናችኋል

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። የቪትዙ ጎማ 165/70 በ14 ነው። 165 ስፋቱ ነው፤ የዚያ 70 በመቶ፣ ማለትም 115.5 ሚሊ ሜትር፣ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ላስቲክ ነው። እኔ የገዛሁት 195/45 በ16 ነበር። የላስቲኩ ከፍታ 87.75 ሚሊ ሜትር። ወደ 28 ሚሊ ሜትር ላስቲክ በገዛ ገንዘቤ ጣልኩ። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚታጠፈው ያ ላስቲክ ነው። እሱ ሲያልቅ ነው ቸርኬው የሚመታው።

ከመግዛታችሁ በፊት የአዲሱን ጎማ ሙሉ ቁመት አስሉ፦ የላስቲኩን ከፍታ በሁለት አባዙ፣ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝታችሁ ጨምሩበት። 165/70 በ14 በዚህ ስሌት 586.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 185/55 በ15 ደግሞ 584.5። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው አይዋሽም፣ ጎማውም የትም አይነካም። ከነበረው 3 በመቶ በላይ ከራቀ ተዉት።

ለአዲስ አበባ መንገድ የምመክረው የነበራችሁን ኢንች ጠብቁ ነው። ቢበዛ አንድ ጨምሩ። ለሁለት ኢንች የሚወጣው ገንዘብ ጎማ ላይ ቢውል ይሻላል። ባለ 14 ወይም ባለ 15 ጎማ ደግሞ በየቦታው ይገኛል፤ ክፍለ ሀገር ላይ 195/45 በ16 ፈልጉ እስቲ።

7. ምን ተጽፎበታል?

የጃፓን ቸርኬ ከሆነ «ጄደብሊውኤል» እና «ቪአይኤ» የሚሉ ምልክቶች ፈልጉ። የመጀመሪያው አምራቹ ራሱ «የጃፓንን መስፈርት አሟልቻለሁ» ያለበት ነው። ሁለተኛው ሌላ አካል ፈትሾ የመዘገበበት ነው። ሁለቱም ካሉ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ትንሽ እጠራጠራለሁ፣ ማንም ሊቀርጸው ይችላልና። የጀርመን ከሆነ «ኬቢኤ» ብሎ ቁጥር ይከተላል። ምንም ያልተጻፈበት፣ ጀርባው እንደ ሳህን ልሙጥ የሆነ ቸርኬ ካያችሁ ዋጋውን መጠየቅም አያስፈልግም።

ከዚያ የሚሸከመውን ክብደት ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በኪሎ ግራም ይጻፋል። የመኪናችሁን ከነጭነቱ የሚፈቀድ ክብደት ውሰዱ። 1,400 ኪሎ ቢሆንና ከፊት 750 ቢያርፍ አንዱ የፊት ቸርኬ 375 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በላዩ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ትርፍ እንዲኖረው እፈልጋለሁ።

ይህ ስሌት ለትናንሽ መኪኖች ብዙም አያስጨንቅም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ባትሪ ከባድ ነው። ቮልስዋገን አይዲ 4 ለምሳሌ ወደ 2 ቶን ይጠጋል ወይም ያልፋል። ልኩ 5×112 ነው፣ የሚታሰረውም በዳዶ ሳይሆን በብሎን ነው። ለቀላል መኪና የተሠራ 5×112 ቸርኬ በርካሽ ስላገኛችሁ ብቻ እዚህ ላይ አትግጠሙት።

8. ያገለገለ ስትገዙ

አዲስ፣ ስሙ የማይታወቅ ቸርኬና ያገለገለ፣ ከጃፓን መኪና የወረደ ኦርጅናል በአንድ ዋጋ ቢቀርብልኝ ያገለገለውን እወስዳለሁ። ሶማሌ ተራ አካባቢ ብትዞሩ ታገኛላችሁ። ግን ጎማ የተገጠመበትን አትግዙ፤ ስንጥቁም ጥገናውም የሚደበቀው ከጎማው ሥር ነው። «ጎማውን እናውልቀው፣ የማስወለቂያውን እኔ እከፍላለሁ» በሉ። ሻጩ ካመነታ መልሱን አግኝታችኋል።

ከወለቀ በኋላ ሦስት ነገር እሠራለሁ።

መጀመሪያ ባላንስ ማሽኑ ላይ ባዶውን አሽከርክሩት። እርሳስ ጠርዙ አጠገብ ሳታነኩ ያዙ። ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ ካያችሁ ተመቷል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም። ውስጡንም ውጩንም ጠርዝ እዩ፣ ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው የማይታየው የውስጡ ነው።

ሁለተኛው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ያስተማሩኝ ነው። ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክራችሁ የውስጡን ጎንና የክንዶቹን ሥር ቀቡት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭታችሁ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር መስመር ይሠራል። በዓይን ያላየሁትን ስንጥቅ በዚህ አይቻለሁ። ወፍራም ቀለም ካለበት ግን አይሠራም። ያገለገለ ቸርኬ ደግሞ ትናንት እንደተቀባ ካብረቀረቀ፣ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ።

ሦስተኛው የብየዳ ጠባሳ ነው። ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ብየዳ አየር እስካልለቀቀች ድረስ ልትደራደሩባት ትችላላችሁ፣ እኔ ግን አልገዛትም። ክንድ ላይ ወይም ብሎን ቀዳዳ አጠገብ ያለ ብየዳ ግን ድርድር የለውም። አሎዩ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ነው፤ የብየዳ እሳት ያንን ያጠፋዋል።

9. ዳዶው

ሰው አራት ቸርኬ ሲገዛ ሳምንት ያስባል፣ ዳዶ ሲገዛ ግን አያይም። ቶዮታ ከፋብሪካ ለሚመጣው አሎይ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ዳዶ ይጠቀማል። ከውጭ የሚገዙት ቸርኬዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ይፈልጋሉ። ጠፍጣፋው ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ሲታሰር የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ይላላል።

አሁን ወደ ዲዛየሩ ልመለስ። የቪትዝ ዳዶ 1.5፣ የዲዛየሩ ብሎን 1.25። በእጅ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ጎሚስታው የአየር ሽጉጡን ይደቅንበታል፣ ቂርር ይላል፣ ገባ። የብሎኑ ጥርስ ግን ተላጭቷል። ስለዚህ ሁሌ ዳዶውን በእጃችሁ ጀምሩት፤ ያለ ቁልፍ መሽከርከር አለበት። ለ12×1.5 ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር ሊይዝ ይገባል። አሎይ ከብረት ወፍራም ስለሆነ ብሎኑ አጥሮ ከ8 በታች ከያዘ ያ ቸርኬ ለእናንተ አይደለም።

10. ሒሳቡ፣ ሙከራውና ማሰሩ

ዋጋ ስታወዳድሩ የቸርኬውን ብቻ አትዩ። ዳዶ፣ ቀለበት፣ ማስገጠሚያ፣ ባላንስ፣ ካስፈለገም ጎማ ደምሩ። ረከሰ ያላችሁት ባለ 16 ከነጎማው ሲደመር ከባለ 14 ኦርጅናል በብዙ ሲበልጥ ታዩታላችሁ።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ከፊት ግጠሙና መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። ቸርኬው ከፍሬን ካሊፐሩ ጋር ጣት የሚያስገባ ባይሆን እንኳ ወረቀት በነጻነት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑረው። ከሾክ አብዞርበሩ በኩልም እዩ። ሁለት ሰው ከኋላ አስቀምጣችሁ ደግማችሁ እዩ።

ስታስሩ ዳዶዎቹን በተርታ አታጥብቁ፣ አንዱን ከዚያ ፊት ለፊቱን። የአየር ሽጉጡ ለማስጀመር ብቻ ይሁን። መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) አሳስሩ፤ ለቪትዝና ለብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። አየሩንም በየሁለት ሳምንቱ ለኩ፣ የጎደለ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬውን ያጋልጠዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ስኮርታችሁ (መጠባበቂያው ጎማ) አሁንም የድሮው የብረት ቸርኬ ነው። አዲሱ ዳዶ ላይሆነው ይችላል። የድሮዎቹን አራት ዳዶዎች በፌስታል ጠቅልላችሁ ከክሪኩ ጋር የኋላ ኮፈን ውስጥ አኑሯቸው። እኔ ይህንን ያወቅኩት ሞጆ አካባቢ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በስልኬ መብራት ነው።